ጦሳ በየት እጅ ነው? አንድ የድሮ የደሴ ፖስት ካርድ

የጦሳ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሰላም ወገኖች። አጎቴ ካረፈ በኋላ ሻንጣውን ስናራግፍ አንድ ፖስት ካርድ ወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። ዳር ዳሩ እንደ ቴምብር የተነካከሰ ነው። ፊቱን ስካን አድርጌ አያይዤዋለሁ። ኔትወርክ እምቢ ላላችሁ ደግሞ በቃል ልንገራችሁ።

ሰፋ ያለ የጠጠር መንገድ ነው። በግራ በኩል ከፊቱ ደረጃ ያለው ረዘም ያለ ቤት አለ። በሩ ላይ አጭር ጽሑፍ አለበት፣ አይነበብም። ከቤቱ አለፍ ሲል ወደ ግራ የሚወስድ መታጠፊያ አለ። አንዲት መኪና የመንገዱን ግራ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ትሄዳለች። በቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ተራራ። መሀል መንገድ ላይ ራሱ ላይ ሳፋ ነገር የተሸከመ ልጅ ቆሞ ካሜራውን ያያል። ከታች በነጭ የፈረንጅ ፊደል ደሴ የሚል አለ። ከአጠገቡ ያለውን አላወቅኩትም።

የት ነው? መቼ ነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ቦርከና (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52)

ኮምቦልቻ ነው። አለቀ።

የጦሳ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55)

ከታች ደሴ ተብሎ ተጽፏል እኮ ወንድሜ።

ቦርከና (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58)

መቼም የኮምቦልቻን ነገር ደሴ ብሎ መጥራት ዛሬ አልተጀመረም። ተራራ ያለበት ሁሉ የደሴው ጦሳ ተራራ አይደለም።

የሸዋበሯ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15)

ፖስት ካርድ ስትል እኔ የመጣልኝ የእንቁጣጣሹ ነው። ጽጌረዳ ያለበት፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት፣ ውስጡ «ውድ ጓደኛዬ እንዴት ነሽ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ» የሚባልበት። ፒያሳ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ሰዓት ሙሉ ቆመን እንመርጥ ነበር። የከተማችን ሥዕል ያለበት ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ደስ ይላል፣ አብሽር።

ቴምብር ሰብሳቢ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20)

የጦሳ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። ከ40 ዓመት በላይ ቴምብርና ፖስት ካርድ ስለቅም ኖሬያለሁ። የደሴ ካርድ እጄ የገባው በጣት የሚቆጠር ነው።

ግን ልጄ፣ ፊቱን ብቻ ልከህ «መቼ ነው» አይባልም። ፊቱ ይዋሻል። የሚናገረው ጀርባው ነው። ጀርባውን ስካን አድርገህ ላክ።

ለምን መሰለህ? ፖስት ካርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1869 በኦስትሮ-ሃንጋሪ ነው። መጀመሪያ ሥዕል የሚባል አልነበረውም፣ ባዶ ካርቶን ነበር። ሥዕሉ ሲመጣ ደግሞ አንደኛው ፊት ለአድራሻ ብቻ ሆነ። መልእክት መጻፍ የፈለገ ሰው ሥዕሉ ዳር ላይ ነበር የሚሞነጫጭረው። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለመልእክት፣ ቀኙን ለአድራሻ ማድረግ የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዝ በ1902 ፈቀደች። አሜሪካ እስከ 1907 ቆየች። ስለዚህ መሀሉ ላይ መስመር የሌለው ካርድ ካገኘህ እሰር፣ እንዳትለቀው።

የኛ አገር የመጀመሪያው ቴምብር፣ የምኒልክ መልክና አንበሳው ያለበት፣ ፓሪስ ታትሞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ላይ የኛን ብቻ መለጠፍ አይበቃም ነበር። ጅቡቲ ሲደርስ የጅቡቲም ቴምብር ይጨመርበታል። ስለዚህ ቴምብር ካለው፣ የማን ቴምብር እንደሆነ ራሱ ዘመኑን ይነግርሃል።

ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። ጀርባውን። ልኩን በማስመሪያ። ሦስተኛ፣ በአጉሊ መነጽር ሰማዩን እየው። ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለው ማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ነጠብጣብ ከሌለውና እንደ ጭስ ወጥ ከሆነ በፎቶ ወረቀት ላይ በቀጥታ የታጠበ ነው።

የጦሳ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05)

ጋሼ፣ ልኩ 9 በ14 ሴንቲሜትር ነው። አጉሊ መነጽር ከአንድ ሰዓት አዳሽ ተውሼ አየሁት፣ ነጠብጣብ የለውም። ጀርባው ላይ የሚረባ ነገር የለም፣ የተሞነጫጨረ ነገር ነው። ቴምብርም የለውም፣ ማኅተምም የለውም። ካርዱ ደግሞ አሁን ያለው እናቴ ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ ስሄድ ስካን አደርገዋለሁ።

ሾፌሩ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡30)

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ። የአሰብን መንገድ እንደ ቤቴ ደጃፍ ነው የማውቀው። ስለ ካርድ አላውቅም፣ ስለ መኪና ግን ጠይቁኝ።

መኪናዋ ግራ ይዛ ነው የምትሄደው። ኢትዮጵያ ውስጥ በግራ መንዳት የቀረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ነው። ስለዚህ ፎቶው ከ1956 በፊት ነው። ጣሊያኖች ደግሞ ባገራቸውም የሚነዱት በቀኝ ነውና፣ በእነሱ ዘመን በግራ የሚሄድ አይኖርም። እንግዲህ ከ1933 እስከ 1956 መሀል ነው ማለት ነው። እጄን እቆርጣለሁ።

ቦርከና (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡41)

አንድ መኪና አይቶ ይሄን ሁሉ? ጋሼ፣ ደሴ ላይ ሰው በግራም በቀኝም በመሀልም ነው የሚነዳው። ያኔም እንደዚያው ቢሆንስ?

ሾፌሩ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡50)

የዛሬውን ባጃጅ ከድሮ ሾፌር ጋር አታወዳድር።

የእማማ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10)

እኔ አያቴን ጠየቅኳት። 90ን ካለፈች ቆይታለች፣ ዓይኗ ግን ይሠራል። ስልኬን አስጠግታ አየችና «ይሄ ደሴ አይደለም» አለችኝ። በቃ። ለምን ስላት «አይደለም አልኩሽ እኮ» ብላ ቡናዋን ቀጠለች።

ቦርከና (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡12)

አላልኳችሁም? እማማ ይኑሩልን! ኮምቦልቻ ነው።

የእማማ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ኮምቦልቻ ነው ወይ ስላት «ኮምቦልቻን ምን አውቄ» አለች። ደስታህን ቀንስ።

ቦሎኛ ያለሁ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡30)

ከደሴ ከወጣሁ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያለሁት ጣሊያን ነው። ጽሑፉን አነበብኩላችሁ። «ዴሲዬ፣ ስትራዳ ፕሪንቺፓሌ» ይላል። ዋናው መንገድ ማለት ነው።

እዚህ እሁድ እሁድ በሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የኛን አገር ካርዶች በካርቶን አያለሁ። ዴሲዬ የሚል አለ፣ ኮምቦልቻ የሚልም አለ። ቦርከና ይስማ፣ የናንተም አለ። ብዙው መንገድ፣ ድልድይና የጭነት መኪና ነው። አንዱ ሻጭ ለአንዲት የደሴ ካርድ 15 ዩሮ አለኝ። ተከራከርኩ፣ እምቢ አለ። ትቼው ሄድኩና ሌሊቱን ሙሉ ቆጨኝ። በሳምንቱ ስመለስ ተሸጧል። የራሴን ከተማ ለሌላ ሰው ሸጠብኝ።

የሸዋበሯ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00)

አንድ ነገር ልበል፣ ደስታችሁን ላበላሽ ሳይሆን። እነዚህን የጣሊያን ዘመን ካርዶች ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አየኋቸው። መንገዱ ስም አለው። ድልድዩ ስም አለው። የኛ ሰው ሲሆን ግን «ያገሬው ዓይነት» ነው የሚለው። ዓይነት! እንደ እህል። ሴቶቹን እንዴት እንዳነሷቸው ደግሞ ባላወራው ይሻላል።

ያ ሳፋ የተሸከመ ልጅ ስም አለው። አሁን ሁላችሁ ስለ መኪና ነው የምታወሩት።

ቴምብር ሰብሳቢ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15)

እውነትሽን ነው ልጄ። እኔም ሳጥኔ ውስጥ የማላሳያቸው ካርዶች አሉ። አልጥላቸውም፣ ታሪክ ነው። ግን አልለጥፋቸውም።

የነዚያ ካርዶች ነገር እንዲህ ነው። ወታደሩ ለእናቱ የሚልከው ነገር ይፈልጋል። መንግሥቱ ደግሞ እናትየው ማየት ያለባትን ያውቃል። አዲስ የተጠረገ መንገድ፣ ሰልፍ፣ ባንዲራ። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ላይ የዘመተው ከዚሁ ከደሴ ተነሥቶ ነው። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሰፍረው ሳለ ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የውጭ ጋዜጠኞች እዚያው ነበሩ። ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ የተነሣው ያን ጊዜ ነው፣ ዓለምን ዞሯል። ታዲያ የጣሊያኑ «ስትራዳ ፕሪንቺፓሌ» ላይ ያ ሁሉ የለም። መንገዱ ጸድቷል። እኔ ካርድ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የሌለውን ነው።

ከነጻነት በኋላስ? የኛው ቱሪዝም ድርጅት «የ13 ወር ጸጋ» እያለ በቀለም ያሳተማቸው አሉ። ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ጢስ ዓባይ። ደሴ? ደሴ ማደሪያ ነች። ለቱሪስት ላሊበላ ሲሄዱ እራት የሚበሉባት ከተማ። አውሮፕላኑ ሲመጣማ እራቱም ቀረ። ከኛ አካባቢ ባቲ ናት የተሻለ ዕድል ያላት። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት የሰኞ ገበያዋ ፈረንጅ ይስባል። እኔ እንኳ የባቲ አራት ካርድ አለኝ። አይጠየፍ አዳራሽን የመሰለ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ድሃ ከሀብታም ሳይለይ ይበላበት የነበረ ቤት እያለን፣ የእሱ አንድ ካርድ እንኳ የለኝም። ያለው ካለ ዋጋ አልከራከርም።

ቦርከና (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30)

ጋሼ ዋጋ አልከራከርም ብለው ኢንተርኔት ላይ አይጻፉ።

አወያይ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00)

ሁለት ሰው በውስጥ መስመር የጠየቀኝን እዚሁ ልመልስ። የድሮ ፎቶ መለጠፍ ያስጠይቃል ወይ ነው። በኛ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የፎቶግራፍ ጥበቃ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የዚህን ዘመን ካርድ መለጠፍ ችግር የለውም። የሰው ስካን ወስዳችሁ ግን የራሳችሁ አታስመስሉ። ነውር ነው።

የጦሳ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 7፡25)

ወገን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጀርባውን ይኸው።

መሀሉ ላይ መስመር አለ። በቀኝ በኩል አድራሻ ይመስላል። በግራ አምስት መስመር በእርሳስ። ከላይ ጥግ ላይ 12 ይላል፣ ቀጥሎ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ የሮማ ቁጥር፣ 16 መሰለኝ። እኔ የካርዱ ተራ ቁጥር መስሎኝ ነበር የተውኩት።

ቦሎኛ ያለሁ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8፡10)

አንተ ሰውዬ! አምስት ቀን ሙሉ አጨቃጨቅከን እኮ!

12 አፕሪሌ ነው የሚለው። 16ቱ ተራ ቁጥር አይደለም። ፋሺስቶቹ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነበራቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1922 ጀምረው በሮማ ቁጥር ይቆጥሩታል። 16ኛው ዓመት ከጥቅምት 1937 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1938 መጨረሻ ያለው ነው። ስለዚህ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1938 ነው።

መልእክቱ፦ «ውድ እማዬ፣ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። አፍሪካ ሁሉ ሙቀት ነው ያለሽ ሰው አታለለሽ። ይሄ የምንኖርበት መንገድ ነው።» ፊርማው አይነበብም።

ሾፌሩ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8፡30)

አይሆንም። በጣሊያን ዘመን በግራ የሚነዳ መኪና የለም ብያለሁ።

ቦርከና (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8፡33)

እጅዎን ይቆጥቡ ጋሼ።

ቴምብር ሰብሳቢ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00)

በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 4 ቀን 1930 ነው። ጣሊያን ደሴ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው። ዝናቡም ልክ ነው፣ የበልግ ወቅት ነው። ይህ ቀን የተጻፈበት ነው፣ ፎቶው ቀደም ብሎ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀን በኋላ ግን በምንም መንገድ አይሆንም።

ታዲያ መኪናዋ? ሾፌሩም ትክክል ነው፣ ጽሑፉም ትክክል ነው። አንድ ነገር ከንክኖኛል። የእማማ ልጅ፣ እስቲ አያትሽን ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። ደሴ አይደለም ያሰኛቸው ምኑ ነው?

የሸዋበሯ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡20)

ቴምብርም ማኅተምም ከሌለው አልተላከም ማለት ነው። እናቱ አልደረሳትም።

ቦሎኛ ያለሁ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡26)

እኔም እሱን ነው ያሰብኩት።

የሸዋበሯ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡31)

አዘንኩለት እንዳትሉኝ ብቻ። በዚያው ሚያዝያ ስንት የኛ እናት ልጇን ትጠብቅ ነበር።

የእማማ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡45)

ጠየቅኳት። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«ከታች፣ ከኮምቦልቻ በኩል ስትመጪ፣ መጀመሪያ ደረጃ ያለው ቤት ነው። ልጅ ሆነን ደረጃው ላይ እንጫወት ነበር፣ ያባርሩናል። እሱን ስታልፊ መታጠፊያው። ይሄም እንደዚያው ነው፣ ቤቱን ይመስላል። ግን ከታች ስመጣ ጦሳ በግራ እጄ ነው። እዚህ በቀኝ አድርገውታል። ጦሳ ተነሥቶ ሄደ? ያ ረቢ! ደሴ አይደለም አልኩሽ።»

ቴምብር ሰብሳቢ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05)

እማማ ይባረኩ! እኔ ነኝ የማልረባ!

ፎቶው ተገልብጦ ነው የታጠበው! የጦሳ ልጅ፣ ስካኑን ስልክህ ላይ እንደ መስታወት ገልብጠው። ቤቱ ወደ ቀኝ ይመጣል። መታጠፊያው ወደ ቀኝ። ጦሳ ወደ ግራ። መኪናዋም የቀኙን መንገድ ትይዛለች።

ድሮ በጨለማ ክፍል ሲታጠብ ኔጌቲቩ ሁለት ፊት አለው። አንዱ የሚያብረቀርቀው፣ አንዱ ደብዘዝ ያለው፣ መድኃኒቱ የተቀባበት። ፊቱን ስተህ ካስቀመጥከው ቀኝ ግራ ይሆናል። ተራራና መንገድ ሲገለበጥ ደሴን ለማያውቅ ሰው ምንም አይታወቅም። ሠራተኛው ከየት ያውቃል?

ቦርከና (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡12)

ጋሼ ቆይ። ከታች ያለው ጽሑፍ ለምን አልተገለበጠም ታዲያ?

ቴምብር ሰብሳቢ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከኮምቦልቻ የመጣ ቢሆንም። ፊደሉ ነጭ ነው አይደል? እንዲህ ያለው ነጭ ጽሑፍ ኔጌቲቩ ላይ በቀለም የሚጻፍ ነው። ቀለሙ ብርሃን ስለማያሳልፍ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጸሐፊው ኔጌቲቩን መጀመሪያውኑ በተሳሳተው ፊት ይዞታል። ፊደሉ ደህና እንዲነበብ አድርጎ ጽፏል። ሥዕሉን ግን አላየውም።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አጉልታችሁ እዩ።

የጦሳ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50)

ገለበጥኩት። አጎላሁት። ሦስት የፈረንጅ ፊደል ነው። በፊት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሆዳቸው ወደ ግራ ስለዞረ ነበር ያልተነበበው። መሀለኛው ቢገለበጥም ያው ስለሆነ አሳሳተኝ። አሁን ጥርት ብሎ ይነበባል። «ባር» ነው የሚለው! መጠጥ ቤት!

ሾፌሩ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00)

እጄ ተረፈ። መኪናዋ በቀኝ ነች። ብያለሁ፣ በጣሊያን ዘመን በግራ አይነዳም።

ቦርከና (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02)

ከ1933 እስከ 1956 ብለው የማሉትስ?

ሾፌሩ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡04)

የተሰጠኝ መረጃ የተገለበጠ ነበር።

የጦሳ ልጅ (እሁድ፣ ከሰዓት 6፡30)

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ሥዕሉን በስልኬ ከፍቼ ከሸዋበር በኩል ወደ ላይ በእግሬ ወጣሁ። ጦሳ በግራ እጄ። የተራራውን ትከሻ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየሁ አሥር እርምጃ ወደፊት፣ አምስት ወደ ኋላ ስል አንድ ሊስትሮ «ወንድም፣ ኔትወርክ ነው የምትፈልገው?» አለኝ።

አንድ ቦታ ላይ ትከሻው ገጠመ። መታጠፊያው አለ። ቤቱ ግን የለም፣ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፣ ታች ስልክ መሸጫ ነው። ባሕር ዛፉም የለም። ደረጃው? ከፎቁ ጎን፣ ቆሻሻ መጣያው ሥር፣ ሁለት የተጠረበ ድንጋይ አለ። የደረጃው ነው ብዬ አልምልም፣ ሾፌሩ ትምህርት ሆኖኛል። ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ልጁ የቆመበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ባጃጅ ሊድጠኝ ነበር።

ካርዱን አሁን ላሚኔት ላስደርገው ነው፣ እንዳይበላሽ።

ቴምብር ሰብሳቢ (እሁድ፣ ከሰዓት 6፡38)

ኧረ በፈጠረህ! ላሚኔት እንዳታደርገው! ያ ሙቀትና ሙጫ ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። ፕላስተርም አትለጥፍበት። በጨርቅም አትወልውለው፣ ጀርባው እርሳስ ነው፣ ይጠፋብሃል። እንደ ድሮ የፎቶ አልበም ያለ የሚያጣብቅ ፕላስቲክም ይቅር። ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጣጥፈህ ፖስታ ሥራለት፣ ደረቅ ሣጥን ውስጥ በቁመቱ አቁመው። የደሴን ጉም ታውቀዋለህ፣ ግድግዳ የተጠጋ ነገር ሁሉ ክረምት ላይ ሻጋታ ነው። እኔ 11 ካርድ የበላብኝ አይጥ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። ስካኑን ደግሞ በኢንች 600 ነጥብ አድርገህ፣ ሁለቱንም ፊት።

የሸዋበሯ (እሁድ፣ ከሰዓት 7፡10)

የእማማ ልጅ፣ ስለ ልጁ ጠየቅሻት?

የእማማ ልጅ (እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡20)

የተገለበጠውን፣ ማለቴ የተስተካከለውን፣ አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየች። «አሁን ገና» አለች። ልጁን አላወቀችውም። ሳፋው ዳቦ ሊሆን ይችላል አለች፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሳፋ የሚያዞሩ ልጆች ነበሩ። ከዚያ «አሳጥቢልኝና ግድግዳ ላይ ይሰቀል» አለችኝ።

የጦሳ ልጅ፣ ፋይሉን በትልቁ ላክልኝ።

የጦሳ ልጅ (እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡35)

ሁለቱንም ልኬልሻለሁ። ማሳጠቢያውን እኔ እከፍላለሁ።

ቦርከና (እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡50)

ቦሎኛ ያለኸው፣ የኮምቦልቻ ካርድ ካየህ 15 ዩሮውን አዋጥተን እንልካለን። ሸሻ በር ወይም የቦርከና ድልድይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከመክፈልህ በፊት ግን ተራራው በየት በኩል እንደሆነ ንገረኝ።

የእማማ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11፡15)

ፎቶ ቤቱ ሁለት ፋይል ሲያይ ግራ ገብቶት የመጀመሪያውን አጥቦታል። በትልቅ ፍሬም፣ በመስታወት፣ አምሮ። ይዤላት ገባሁ። መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ ደሴ አይደለም» አለች።